ለቲቸር አያሌው ቀለም የነገርኩበት ዓመት

በቅርቡ ልጄ ከብስክሌት ወድቃ ጉልበቷ ስለተላጠ ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ቡናማውን ጠርሙስ ከፍታ ጥጥ ስታርስ ሽታው መጣ። ብረት ብረት የሚል፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ የአዮዲን ሽታ። ልጄ እጄን ይዛ "ያቃጥላል?" ስትለኝ እኔ አሶሳ ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከማንጎ ዛፎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ከፊቴም አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል።

ያ ዓመት በትዝታዬ ውስጥ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቶቹ የት እንደሄዱ እንጃ። የማስታውሰው በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ የሚተኛውን ብርሃን፣ ከከተማው ዳር የሚቃጠለውን የደረቅ ሳር ጭስ፣ ከዚያም ከሰማይ ቀስ እያለ የሚወርደውን ጥቁር የሳር ብናኝ ነው። በመዳፋችን እንቀበለዋለን። ሲነኩት ይጠፋል፤ መዳፍ ላይ የሚቀረው ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ ነው።

አባቴ ሹፌር ነበር። ጉባ፣ ግድቡ ጋ አሸዋ ያመላልሳል፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ሐሊማ ገበያ ላይ ከርከዴና ባሚያ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ማንጎ ትሸጣለች። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በበርታኛ ነው። አማርኛ ለእኔ እንደ ዩኒፎርሜ ነበር፤ ጠዋት ለብሼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ አውልቄ እሰቅለዋለሁ። ትከሻው ላይ ይጠበኝ ነበር። የሚሉኝን እሰማለሁ፣ መልሱንም ብዙ ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ግን ቃሉን ፈልጌ፣ ለወንድ ነው ለሴት ብዬ አስተካክዬ እስክነሳ ሌላው ልጅ መልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ፈዛዛ ይባላል።

እናቴም ይህንን ሰምታለች። ቶንጎ ውስጥ ሱቅ ያላት አክስት አለችኝ፤ የሚያግዛት ሰው ትፈልግ ነበር። እናቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባሚያ እየከተፈች፣ ነገሩን እንደ ቀላል ነገር አወጣችው።

"ይህን ዓመት ተማሪ። ዘንድሮም ካልሆነልሽ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ማንም አይቆጣሽም።"

የፈራሁት ማንም አይቆጣሽም ያለችውን ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቲቸር አያሌው የመጣው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ሲራመድ አንገቱን ወደፊት የሚያስቀድም ሰው ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው አሉን። ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ አላውቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው ትርንጎ ግን "መድኃኒት መቀመም ነው" አለችኝ። ትርንጎ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ አያቶቿ በደርግ ጊዜ ነው የመጡት። ወላጆቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ያርሳሉ፣ እሷ አሶሳ አጎቷ ቤት ሆና ትማራለች። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበረች፤ ደግሞ ብዙውን ታውቅ ነበር። መንገድ ለመንገድ አማርኛ የምታርመኝ እሷ ናት።

ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የተሰበሩ ዴስኮች የሚከመሩባት አንዲት ክፍል ነበረች። ቲቸር ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብሎ ከእኛ ጋር ጠረጋት። ከየቤታችን ብርጭቆና ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አመጣን። እሱ ከፋርማሲ አዮዲን፣ የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና የቫይታሚን ሲ ኪኒን ገዝቶ መጣ። የእያንዳንዱን ጠርሙስ አንገት በክር አሰረው፤ አንዱን በአንድ ቋጠሮ፣ ሌላውን በሁለት፣ ሌላውን ደግሞ ረዘም ባለ ክር። እኔ ክታብ መሰለኝ። የሕፃን አንገት ላይ እንደሚታሰረው፣ ጠርሙሶቹን ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ነገር። ለትርንጎ ስነግራት "ቲቸርማ ክርስቲያን ነው" አለችኝ። ለእኔ ግን ይህ መልስ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ በከርከዴ ነበር። ማን ያመጣል ሲል ሳልናገር በነጋታው በፌስታል አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አበባውን አፍልቶ ቀዩን ውሃ በሦስት ብርጭቆ ቀዳው። አንዱ ውስጥ ሎሚ ጨመቀ። አንዱን እንዳለ ተወው። በሦስተኛው ላይ አመድ የተዘፈዘፈበትን ውሃ በማንኪያ ጨመረበት።

ክፍሉ ተንጫጫ።

"ምን ሆነ?" አለ ቲቸር።

"ተቀየረ።"

"ወደ ምን?"

አንዱ አረንጓዴ አለ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጭቃ። ቲቸር ፊታችንን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ፣ ከርከዴውን ያመጣሽው። ስምሽ ማን ነው?"

"ሰዓዲያ።"

"ምን ቀለም ሆነ ሰዓዲያ?"

ተነሳሁ። አረንጓዴ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ግን የተማርኩት በባንዲራ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ባንዲራ ላይ የለም። እኛ ቤት ቀለምን የምንጠራው በነገሩ ነበር። ያው ያንኑ ወደ አማርኛ መለስኩት።

"እንደ ባሚያ ነው። ባሚያ ሲያድር።"

ሳቁብኝ። ትርንጎ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። ቲቸር ግን አልሳቀም።

"ባሚያ ሲያድር ምን ይሆናል?"

"ያዝናል" አልኩ። ሌላ ቃል አጣሁ።

እንደገና ሳቁ። ቲቸር ዞሮ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። አመድ ሲጨመር፦ እንዳደረ ባሚያ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘውና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። የሰሌዳውን ጽሑፍ ተመለከተ፣ ብርጭቆውን ተመለከተ። ባሚያውን የሚፈልገው መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እኔን መጠየቅ ጀመረ። ከርከዴው ላይ አመዱን በጠብታ ሲጨምር መሀል ላይ የሚመጣውን ቀለም "ክንድ ተመትቶ በነጋታው" አልኩት። አዮዲን ውሃ ውስጥ ሲገባ "ሻይ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ" አልኩት። ተፈጭቶ የሟሟ ቫይታሚን ሲ ሲጨምርበት ሻዩ ሁሉ ጠፋ። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውሃ ብቻ ነበር። "አሁንስ?" አለኝ። "ታጥቧል" አልኩ። ሁሉንም ይጽፈዋል። የሳቁብኝ ልጆች ቀስ በቀስ መሳቅ ትተው ምን እንደምል መጠበቅ ጀመሩ። አንዳንዶቹም እንደ እኔ መናገር ሞከሩ፤ አንዱ የሎሚውን ብርጭቆ "የአጎቴ ዓይን፣ አረቄ ሲጠጣ" ብሎ ቲቸርን አሳቀው።

ለምን እኔን እንደሚጠይቅ እርግጠኛ ነበርኩ። አማርኛ ሊያስተምረኝ ነው። ትርንጎ ደግሞ ስላዘነልኝ ነው አለች። "ለማይናገር ልጅ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ መጽሐፍ ላይ አለ" አለችኝ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ከዚያ የሚጠብቀው ውሃ መጣ።

በጋው መሀል፣ ከምሳ በኋላ ነው። ከውጭ አንድ አህያ ብቻ ይሰማል። ቲቸር ሁለት ብርጭቆ አቀረበ። በአንዱ ውስጥ ያ የታጠበው አዮዲን ነበር። በሌላው ውስጥ የሩዝ ውሃና ፐሮክሳይድ አደባልቋል። ሁለቱም ትንሽ ደብዘዝ ያሉ እንጂ ምንም አይመስሉም። አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጠውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ምንም አልሆነም።

"ቁጠሩ" አለን።

"በምን ቋንቋ?" አለች ትርንጎ።

"በየፈለጋችሁት።"

መቁጠር ጀመርን። በአማርኛ የሚቆጥር አለ፣ በበርታኛ፣ በኦሮምኛ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች በሺናሻ። ድምፃችን ዝቅ ያለ ነበር፤ ማንም ዝቅ አድርጉ አላለንም። ቁጥሩ ተደበላለቀ፣ እኔም የራሴን ረሳሁት፣ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሙቀቱ፣ የቆርቆሮው ድምፅ፣ ያ ሁሉ የሚያንሾካሹክ ክፍል። የምተኛ መሰለኝ።

ውሃው ጠቆረ።

ቀስ ብሎ አልነበረም። ከላይ ወይም ከታች አልጀመረም። ውሃ ነበር፣ ከዚያ ሌሊት ሆነ። መቁጠሩ በየቋንቋው በየደረሰበት ቆመ። ማንም አልተንጫጫም። እኔ ያመንኩት ውሃው ሲያዳምጠን እንደነበር ነው፤ ሁሉንም ቋንቋ እስኪሰማ ጠበቀ፣ ሲበቃው ዓይኑን ከደነ።

ቲቸር ያን ቀን ምን ቀለም ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። ብርጭቆውን ዝም ብሎ እያየ ፈገግ አለ፣ ልጅ እንደሚስቅ። ትንሽ ከፋኝ። ሌላውን ሁሉ ጠይቆኝ ትልቁን ተወኝ።

በሌላ ቀን ጠዋት፣ ገና ቀዝቀዝ እያለ፣ ያንኑ ሙከራ ደገመው። ውሃው በጣም ዘገየ። እኔ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም አልኩ። ቲቸር "ልክ ነሽ ማለት ይቻላል፣ ሲሞቅ ይቸኩላል" አለ። ከዚያ የጥበቃውን ምክንያት ነገረን። "ጥቁሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ መውጣት ይፈልጋል። ቫይታሚኑ እየተከታተለ ያጠፋዋል። ስታዩት ምንም የማይሠራ ይመስላል እንጂ ውስጥ ውስጡን ሥራ ላይ ነው። ቫይታሚኑ ሲያልቅ ያን ጊዜ ይታያል።" ኪኒኑን ካበዛነው ጥበቃው ይረዝማል፣ ካሳነስነው ያጥራል። ትርንጎ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ገለበጠች። እኔ ያሰብኩት እናቴን ነበር። አባቴ ስልክ ሳይደውል ሲቆይ እናቴ ምንም አትልም። ከርከዴውን ትለቅማለች፣ እንደገና ትለቅመዋለች፣ ጥሩውንም ከጥሩው ትለያለች። ቫይታሚኗ እንዳያልቅ እጸልይ ነበር።

ማንጎው ፍሬ ሲይዝ ወባ ያዘኝ። ቤት ውስጥ ተኝቼ ጣሪያው ወደ እኔ እየወረደ ሲመለስ አየዋለሁ። ትርንጎ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ የሰማችውን ሳይሆን ያየችውን መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጠችልኝ በኋላ ነገረችኝ።

"ጎብኚዎች መጥተው ነበር፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት። ቲቸር ከርከዴውን ሠራ። አንዷ ሴትዮ ሁለቱን ብርጭቆ አንስታ ቦታቸውን አቀያየረችና የትኛው ነው አመድ ያለበት አለችው። እሱም ጠቆመ። ተሳሳተ።"

"አይሳሳትም" አልኩ።

"እኔ እያየሁ። ሴትዮዋ ቀዩን ነው እንዴ የሚሉኝ አለችው። እሱም አዎ አለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ጠቆረ። አሁን የወላጆች ቀን ላይ ኬሚስትሪ አይቀርብም እየተባለ ነው። ከክፍል አውጥተው ንብረት ክፍል ሊያስቀምጡት ነው ይላሉ። ቀለም የማይለይ ሰው እንዴት ኬሚስትሪ ያስተምራል አሉ።"

ትርንጎ ከሄደች በኋላ አለቀስኩ፤ ትኩሳቱም ረድቶኛል። እናቴ ጨርቅ በውሃ ነክራ ግንባሬ ላይ እያደረገች ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት።  ከዚያ ጨርቁን ጨምቃ እንዲህ አለች፦

"ያ ኡስታዝሽ ቲማቲም ሲገዛ አይቼዋለሁ። አያይም። ይዳስሳል፣ ያሸታል። ሳየው ወንድሜ ትዝ አለኝ።"

"የትኛው ወንድምሽ?"

"ታላቄ። የቀላውን በርበሬ ለቅመህ ና ብለው ይልኩታል፣ ቅርጫቱን በአረንጓዴው ሞልቶ ይመጣል። አባቴ ሰነፍ ነው እያለ ይገርፈዋል። ነገም ይልኩታል፣ ነገም ያው ነው። እኔ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። ይሄ ነው፣ ይሄ አይደለም እያልኩ። ዓይኑ ሁሉን ያያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ለእሱ አንድ ነገር ነው። ሲወለድም እንደዚያው ነበር።"

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ቋጠሮዎቹ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ የያዘበት ቀን። ምን ቀለም ሆነ፣ አሁንስ፣ አሁንስ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፣ ሲገባኝም ሌላ ሐዘን መጣብኝ።

"ለካ ስለማያይ ነው የሚጠይቀኝ" አልኩ። "እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።"

እናቴ ጨርቁን ግንባሬ ላይ መለሰችው። "ክፍላችሁ ውስጥ ልጅ ሞልቷል አይደል?" አለች። "ለምን አንቺን ጠየቀ እንግዲህ?" ከዚያ ተነስታ ሄደች፤ መልሱን አልጠበቀችም።

የዳንኩ ጊዜ እናቴ አብራኝ ትምህርት ቤት መጣች። ያን ዓመት ግቢውን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አንድ ፌስታል ከርከዴ ይዛለች። ቲቸር አያሌው በዚያች ክፍል ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሲያየን ተነሳ።

"ኡስታዝ" አለችው እናቴ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ወንድሜ አለ። እሱ እንደ አንተ ነው። ዓይኑ።"

ቲቸር የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

"ሰነፍ አይደለም" አለች። "ሰው ሰነፍ አለ። ውሸት ነው። ልጄ እሱ ቀለም ይነግርሃል፣ አንተ ሥራ።"

"እሷማ ስትነግረኝ ነው የከረመችው እህቴ" አለ ቲቸር።  ከርከዴውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

እናቴ ወደ ገበያዋ ሄደች። እኔ ሳልጠየቅ ብርጭቆዎቹን ከካርቶኑ ማውጣት ጀመርኩ። ለጥቂት ጊዜ አየኝና ከዚያ እሱም ማውጣት ጀመረ።

"ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው ያወቅሁት" አለኝ። "ለማንም አልተናገርኩም። ሽታቸውን እሸመድዳለሁ፣ በቋጠሮ እለያለሁ፣ ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። ቀይ የሚሉትን በስሙ ብቻ ነው የማውቀው። ልጆቹ ቀይ ሆነ ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ምንም አልያዝኩም። አንቺ ግን ባሚያ አልሽኝ። ያደረ ባሚያ አውቃለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ኬሚስትሪ?" አልኩት። ቃሉን ለወንድ ወይም ለሴት ማስተካከል አላስፈለገኝም፤ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አሰበ። "አስተማሪያችን አንድ ቀን ያንን የሚጠቁረውን አሳየን። ሁሉም ሲያይ እኔም አየሁ። እኩል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።"

ያን ጊዜ ነው ውሃው የጠቆረ ቀን ለምን እንዳልጠየቀኝ የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ቲቸር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። እኔና ትርንጎ ከመስኮቱ ሥር ነበርን፤ ሐሳቡ የትርንጎ ነው። ሁሉንም ነገረው፤ የወላጆች ቀን ላይ እኔ ቀለሙን እየነገርኩት ሙከራውን ላቅርብ አለው። ርዕሰ መምህሩ "ይህን ወላጆች ፊት ብትናገር ይስቁብሃል" አለው።

"ተማሪዎቼም ስቀውብኛል። ተለምዷል።"

"ልጅቷ ደግሞ አትናገርም ይባላል።"

"ትናገራለች።"

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። "እንግዲህ ከተናገረች ይታያል" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ካልተናገረች ንብረት ክፍል ቁልፉ እዚህ አለ።" ትርንጎ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። 

የሆነውን ከመጨረሻው ልጀምር። ቲቸር አያሌው ንብረት ክፍል አልገባም። እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት እስክወጣ ድረስ አስተምሮናል፤ በየክፍሉም ቀለም የሚነግረው አንድ ልጅ ይመርጥ ነበር፣ ልጆቹም ለዚያ ይሻሙ ነበር። የአክስቴ ሱቅ ሌላ ዘመዳችን ገባችበት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ የቶንጎን ነገር አላነሳችም፤ እኔም አላስታወስኳትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያንን ቀን ሳስታውስ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው፣ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልወድም።

የወላጆች ቀን ማንጎው በበሰለ ጊዜ ነበር። ከዛፎቹ ሥር የቀርከሃ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ወላጆች ተቀምጠዋል፣ የበሰለ ማንጎ ሽታ ከመሬቱ ይነሳል። እናቴ ገበያዋን ለጎረቤት ሰጥታ፣ የበዓል ጠርሐዋን፣ ያንን ረጅም የራስ ሻሽ፣ ተከናንባ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ቲቸር ጠረጴዛው ጋ ቆሞ አንገቱን ወደፊት አስቀድሞ ተናገረ። አጭር ነበር። ቀይና አረንጓዴ አልለይም፣ ስወለድም እንደዚህ ነኝ፣ ዛሬ የማላየውን ሰዓዲያ ትነግረኛለች አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

ከርከዴው ላይ አመዱን ጨመረ። ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ስከፍት ድምፅ አልነበረም። አማርኛው ሁሉ ሄዷል፣ ባዶ ቤት ሆኛለሁ። ሰዉን አየሁ፣ እናቴን አየሁ። እናቴ አማርኛውን በደንብ እንደማትከተል ትዝ አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ በበርታኛ አልኩት፣ ለእሷ። እንደ ኩሬ ነው፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ላም ያልጠጣበት። እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። አጠገቧ ያሉ ሴቶችም ነቀነቁ። ያን ጊዜ አማርኛው ተከትሎ መጣ፤ በበርታኛው እግር እግር እየሄደ፣ ሳላስተካክለው። ቲቸር "ላም ያልጠጣበት" ብሎ ደገመውና እንደ ሁልጊዜው ጻፈው። ሎሚውን ሲጨምር የትርንጎ አጎት ከኋላ "አሁንስ ልጄ?" አለኝ፤ ለእሱም ነገርኩት። ከዚያ ከየአቅጣጫው ይጠይቁኝ ጀመር፣ እኔም መለስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ያን ቀን የተናገርኩት ዓመቱን ሙሉ ከተናገርኩት ሳይበልጥ አይቀርም።

መጨረሻ ላይ ቲቸር አንድ ረድፍ ብርጭቆ አቀረበ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ከቀደመው የበዛ ነው። እሱ ከአንዱ ጫፍ፣ ትርንጎ ከሌላው ጫፍ ሆነው የሩዙን ውሃ ቶሎ ቶሎ ጨመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ይሄን አንቺ አትዪ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ይሄን እኔ አየዋለሁ። አንቺ ዞረሽ ሰዉን እዪ፣ እሱን ደግሞ በኋላ ትነግሪኛለሽ።"

ጀርባዬን ለብርጭቆዎቹ ሰጠሁና ዞርኩ።

ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ወደ እኔ አቅጣጫ ሲያይ አይቼ አላውቅም፤ የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም። ከሆነ ቦታ ማንጎ ወደቀ። ማንም ዞሮ አላየም።

"አሁን" አለ ቲቸር ከኋላዬ።

ጥቁሩ ሲመጣ በፊታቸው አየሁት። ቅንድቦች ተነሱ፣ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ጠበቅ አደረገ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ወደፊት አዘነበለች። "አሁን" አለ እንደገና፣ የሰዉም ዓይን አንድ ብርጭቆ ተሻገረ። "አሁን።" ወፍ ስትሄድ እንደሚከተሉ ሁሉም አንገታቸውን በአንድነት አዞሩ። ድምፁ እንደ ወትሮው የሚጠይቅ አልነበረም። የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

የመጨረሻው ብርጭቆ ዘገየ። በጣም ዘገየ። ርዕሰ መምህሩ መቀመጫው ላይ ተነቃነቀ። ከኋላ ያሉት መንሾካሾክ ጀመሩ፣ አንድ ሰውዬ ነጠላውን አራግፎ ሊነሳ ነው። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ጭኗ ላይ የተቀመጡት እጆቿ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትተው የማያውቁት እጆቿ፣ ዝም ብለዋል። ዓይኗ ከትከሻዬ ወዲያ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል፣ ትንፋሿንም ይዛለች። እኔም ያዝኩ። ዘወር ብዬ ማየት ፈለግሁ፤ አላየሁም።

"አሁን" አለ ቲቸር።

እናቴ ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በጠርሐዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ያን ቀን ረሳችው።